ቀለሃ ለቀማ

እናቴ የደወለችው ቅዳሜ ማታ አራት ሰዓት ላይ ነው። እዚያ እሑድ ጠዋት ነው። ሁልጊዜ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡናው እስኪፈላ ነው የምትደውለው። ድምፄ ደክሟል መሰለኝ፣ «ሥራ ነበርክ?» አለችኝ።

«አይ፣ ቀለሃ ስለቅም ዋልኩ» አልኳት።

ዝም አለች። የሲኒ ኳኳታ ብቻ ይሰማኛል። ቆይታ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እዚያም ገባ እንዴ ልጄ?» አለች።

ጦርነቱን ማለቷ ነው። እሷ ያለችው ጎጃም ነው፤ ቀለሃ ሲባል ሌላ ነገር ሊታያት አይችልም። እኔ ያለሁት ሰላም አገር እንደሆነ፣ ሰዎች ለመዝናናት ተኩሰው የጣሉትን እንደምለቅም ላስረዳት ሞከርኩ። «ለመዝናናት?» አለች። ቀጥላ፣ «ስንት ይከፍሏችኋል?» አለች። በነጻ ነው ስላት ቡናው ገነፈለብኝ ብላ ዘጋችው።

በስልክ ያልሆነልኝን እስቲ እዚህ ልሞክረው።

የምኖረው ላስ ቬጋስ ነው። እዚህ እንዳለው ብዙ የኛ ሰው እንጀራዬ ከመኪና መሪ ጋር ነው። ከኤርፖርት ስትሪፕ (የካዚኖዎቹ ጎዳና)፣ ከስትሪፕ ኤርፖርት። ከተማዋን በሌሊት መብራቷ አውቃታለሁ። ዙሪያዋን ያለውን በረሃ ግን ለስምንት ዓመት ዞር ብዬ አላየሁትም ነበር። ከኔቫዳ መሬት 80 በመቶ ያህሉ የፌደራል መንግሥት ነው። አብዛኛውን የያዘው ቢኤልኤም የሚባለው የመሬት አስተዳደር ቢሮ ነው። ይህ ቢሮ በመላው አሜሪካ የሚያስተዳድረው 245 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ነው። በሄክታር መቶ ሚሊዮን አካባቢ ይመጣል። የኢትዮጵያን ስፋት ሊያክል ትንሽ ነው የቀረው።

በዚህ መሬት ላይ፣ በግልጽ ካልተከለከለ በቀር፣ ኢላማ መተኮስ ይፈቀዳል። በር የለም። ቲኬት የለም። ዘበኛ የለም። የቆሻሻ ገንዳም የለም።

መጀመሪያ የወሰደኝ አብሮኝ የሚነዳ ፊሊፒናዊ ነው። ከከተማው አርባ ደቂቃ ያህል ነድተን፣ ከአስፋልት ወርደን፣ ኮረት መንገድ ይዘን ሄድን። የቦታውን ስም አልጽፍም። ስሙን ባነሳሁ ቁጥር አሮጌ ሶፋ ጭኖ ሄዶ የሚጥል ሰው የምጨምር ይመስለኛል። ሃምሳ ጥይት ያለበት አንድ ፓኬት ዘጠኝ ሚሊ ሰጠኝ። በአሥር ደቂቃ አለቀ። እኔም ሳላስበው ጎንበስ ብዬ ቀለሃውን መልቀም ጀመርኩ። ሰውየው ሳቀብኝ። «ተወው እባክህ፣ ማን ይለቅመዋል?» አለኝ። አርባ ሰባት አገኘሁ። ሦስቱን ሳላገኝ መሄዱ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ።

ምክንያቱ አያቴ ነው። አያቴ አንድ ምንሽር ነበረው፤ ጥይቱ ግን አምስት ብቻ ነበር። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ጨርቁን በቆዳ ከረጢት፣ ከረጢቱን በሙዳይ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ለጥምቀት ወይ ለትልቅ ሰው ለቅሶ አንዲት ይተኩሳል። አንዲት! ገና ጆሯችን ጭው እንዳለ፣ «ሂድ ቀለሃዋን አምጣ!» ይለኛል። ሣር ለሣር እዳክራለሁ። ሳላገኛት መመለስ የለም። አንድ ጊዜ እስኪመሽ ፈልጌያታለሁ። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ። በአጼ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ ጥይት እንደ አሞሌ ጨው መገበያያ ሆኖ ያገለግል ነበር። ቀለሃውም ባሩድ ተሞልቶ ተመልሶ ይተኮሳል። ሰው ገንዘብ ሜዳ ላይ ጥሎ አይሄድም። የአያቴ ጥይት በሱ ዘመን ብር መሆኑ ቀርቶ ነበር፤ እጁ ግን አልረሳም። የኔም እጅ ከሱ ወረሰ።

እዚህ ጥይት ርካሽ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ የሚመጣ ይመስለኛል።

ስለ ቦታው ልንገራችሁ። ከሩቅ ሲታይ ያምራል። ከኋላው ቀይ ተራራ፣ ከፊቱ ነጣ ያለ ሜዳ። ስትቀርቡ ሜዳው ያብረቀርቃል። ውሃ ይመስላል፤ ጠርሙስ ነው። ተመትቶ ተመትቶ ከስንዴ ቂንጬ ያነሰ ጠርሙስ። በሱ መሃል የ22 ካሊበር ቀለሃ አለ። ከገብስ ፍሬ ብዙም አይበልጥም። አንድ ሰው ቁና ሙሉ ገብስ ዘርቶ የሄደ ነው የሚመስለው። ቀይና አረንጓዴ የሾትጋን ፕላስቲክ ቀለሃ፣ ጸሐይ ያነጣው፣ ሲነኩት የሚፈረፈር። በአየር ላይ እየተወረወረ የሚመታው ብርቱካናማ የሸክላ ሰሃን ስብርባሪ። ይሄ የመጨረሻው የለቃሚ ጠላት ነው። አንዱን ስታነሱት አራት ይሆናል።

እነዚህ ግን ትናንሾቹ ናቸው። ዋናው ቆሻሻ ጥይት አይደለም፤ ኢላማው ነው። ሰው ከቤቱ መጣል የፈለገውን ነገር መኪናው ላይ ጭኖ ይመጣል፣ ተራራው ሥር ያቆመዋል፣ ይተኩስበታል፣ ይሄዳል። ፍሪጅ። ማተሚያ። የሕጻን ጋሪ (እሱን ሳይ ቆም ብያለሁ)። ኋላው ያበጠው የድሮ ቴሌቪዥን ብዙ ነው። የዚያ ቴሌቪዥን መስታወት ራሱ እርሳስ አለበት። እርሳስ ስል የሚጻፍበትን አይደለም፤ ብረቱን ነው። ሶፋው ደግሞ ከስፖንጁ የተነሳ ጥይት ሲመታው ድምፅ እንኳን የለውም። ለምን እንደሚተኩሱበት እስካሁን አልገባኝም።

ጆሹዋ የሚባለው ዛፍ አለ፣ እጁን ወደ ሰማይ ዘርግቶ የሚጸልይ ሽማግሌ የሚመስል። በዓመት የሚያድገው በሴንቲሜትር የሚቆጠር ነው። አንዱን ግንዱን በጥይት ቆርጠው ጥለውታል። ከዚህ ጎረቤት አሪዞና በ1982 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አንድ ሰው ትልቅ የቁልቋል ዛፍ ላይ ደጋግሞ ተኩሶ፣ ቁልቋሉ ወድቆበት ሞቷል። የታወቀ ታሪክ ነው። ጽዳት በወጣን ቁጥር አንድ ሰው ይህን ማንሳቱ አይቀርም። ሲነሳም ሁሉም በሆዱ ይስቃል።

ሐሳቡ እንዴት እንደመጣ ብትጠይቁኝ የጀግና ታሪክ የለኝም። በጃንዋሪ ነው። በየጃንዋሪው ላስ ቬጋስ ሾት ሾው የሚባል የጠመንጃ ነጋዴዎች ትርኢት አለ። ከ50 ሺህ በላይ ሰው ይመጣል፤ ለኛ ለሾፌሮች ጥሩ ሳምንት ነው። አንድ ምሽት የጫንኳቸው ሁለት ሰዎች ስለተዘጉ የመተኮሻ ቦታዎች ያወራሉ። አንደኛው፣ «የሚዘጉት በጠመንጃ ጠላቶች አይደለም፣ በፍሪጅ ነው» አለ። ሌላው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። ቦታው ሲቆሽሽ ቢሮው ይዘጋዋል፤ እሱ ሲዘጋ ሰው ወደ ሌላ ሸለቆ ይሄዳል፤ እሱም ይቆሽሻል። አርባ ሰባቷ ቀለሃ ትዝ አለችኝ።

ሰኞ ለቢሮው ደወልኩ። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር። ስልኩን ያነሳችው ሴት ግን፣ «መቼ ትችላላችሁ?» ነው ያለችው። ፎርም ላከችልኝ። ኦኤፍ 301ኤ የሚባል የበጎ ፈቃደኛ ስምምነት ነው። ለምን እንደሚያስፈልግ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ፈርመህ ስትሠራ ጉዳት ቢደርስብህ እንደ ፌደራል ሠራተኛ ተቆጥረህ ትታከማለህ። ሳትፈርም የገባህ እንደሆነ ራስህ ነህ ያለኸው። ገንዳ፣ ከረጢትና ጓንት እነሱ ሊያቀርቡ፣ ሰው እኔ ላቀርብ ተስማማን።

ሰው ማቅረብ! ቀላል መስሎኝ ነበር። ለሠርግ አራት መቶ ሰው የሚሰበስብ ማኅበረሰብ ነው ያለን። ክላርክ ካውንቲ ሰፈራችንን በይፋ «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ ሰይሞልናል። ምግብ ቤት ሄጄ ላንዱ ሳወራ፣ «ፈረንጅ ተኩሶ ሐበሻ ይልቀም?» አለኝ። ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ሌላው፣ «የመንግሥት መሬት አይደል? መንግሥት ያጽዳው» አለ። ይሄንኛውን አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ ስኖር ደጃችን የነበረው ቦይ የተደፈነው በዚህ ዓረፍተ ነገር ነው። የመንግሥት ነው ማለት የኔ አይደለም ማለት ነው። በቃ፣ ትርጉሙ ሌላ የለውም።

ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። «ቅዳሜ 2፡00 ሰዓት፣ ምሳ አለ።» አርባ አንድ ሰው አውራ ጣቱን ሰቀለ።

ቢሮው ያስተማረኝን ለሰው ለማስተማር ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ምን እንደሚለቀም መናገር አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ምን እንደማይለቀም መናገር ነው። ከኢላማው ኋላ ያለው ጉብታ ውስጥ የገባው የጥይት እርሳስ አይነካም። እሱን የሚያወጡት በወንፊት የሚሠሩ ባለሙያዎች ናቸው። የኛ ሥራ ላይ ላዩን ነው። ባዶውን ቀለሃ ከዳር እስከ ዳር ልቀሙ፤ ያልተተኮሰ ጥይት ካገኛችሁ ግን እጃችሁን ሰብስቡ፣ እኔን ጥሩኝ። ለየት ባለ ባልዲ ተይዞ ለቢሮው ሰው ነው የሚሰጠው። ይህን ሕግ ያጠበቅኩት በሌላም ምክንያት ነው። በጉብኝት ቪዛ ያለ ሰው፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር፣ በፌደራል ሕግ ጥይት መያዝ አይፈቀድለትም። ከመካከላችን እናቱን ከአገር ቤት አስመጥቶ ይዟት ሊመጣ ያሰበ ነበር። አሮጊቷ በጽዳት ምክንያት ጣጣ ውስጥ እንዲገቡ አልፈለግሁም። ምግቡ ጋ እንዲሆኑ ተደረገ፤ እሳቸውም እዚያው ነበር የፈለጉት።

ነፍሰ ጡር አትምጣ። ልጆች ጉብታው ጋ አይድረሱ። እርሳስ ለልጅ በጥቂቱም ደህና የሚባል መጠን የለውም። በደረቁ መጥረግ ክልክል፤ አቧራው ነው መርዙ። ነጭ ፍሬ ፍሬ ያለበት የፕላስቲክ ዕቃ ካያችሁ አትክፈቱት። የሚፈነዳ ኢላማ ይባላል። ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው፤ ጥይት ሲመታው ይፈነዳል። አሪዞና ላይ በ2017 አንድ ሰው የሚወለደው ልጅ ወንድ ይሁን ሴት ለመግለጽ ብሎ እንዲህ ያለውን መትቶ፣ 47 ሺህ ኤከር ያህል አቃጥሏል።

ኤሊም አለች። የሞሃቬ በረሃ ኤሊ ከ1990 ጀምሮ በሕግ የምትጠበቅ ናት። ከመነሳታችሁ በፊት የመኪናችሁን ሥር እዩ፤ ጥላ ፍለጋ ትገባለች። ብታገኟት አታንሷት። ስትደነግጥ በፊኛዋ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቀዋለች፣ በዚያ በረሃ ደግሞ የሚተካላት የለም።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ጣሳው ነው። ስልክ ላይ ያለችው ሴት፣ «የዛገ አሮጌ ጣሳ ካያችሁ ተዉት» አለችኝ። ቆሻሻ ልለቅም መጥቼ ጣሳ ልተው? ከ50 ዓመት በላይ የሆነ ነገር የታሪክ ቅርስ ሊሆን ይችላል አለችኝ። ድሮ ወርቅና ብር ፍለጋ የመጡ ሰዎች በልተው የጣሉት ነው። አናቱ ላይ በእርሳስ የተደፈነች ነጥብ ያለችው ጣሳ የዚያ ዘመን ናት። የዛሬው ሰው የጣለው ቆሻሻ፣ የድሮው ሰው የጣለው ቅርስ! ያን ቀን ሁለት ዓይነት ጣሳ የመለየት ባለሙያ ሆኜ ዋልኩ።

ቅዳሜ ደረሰ። ፌብሩዋሪ ነው። ጁላይ ላይ እዚያ መሥራት ራስን መግደል ነው። ጠዋት ግን ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱም ፊት ይልጣል። አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ ገንዳው በቦታው አለ። ደስ አለኝ። ቀርቤ ሳይ ግማሹ ሞልቷል። ሌሊቱን ሰው መጥቶ ሁለት ፍራሽና የተበጠሰ የመኪና ጎማ ሞልቶበት ሄዷል። በነጻ ገንዳ አገኘና! እዚያው ቆሜ ሳቅሁ። ከዚያ ወዲህ ገንዳ ማታ አይደርስም፤ ሲነጋ ነው የሚመጣው።

ከአርባ አንዱ አውራ ጣት ዘጠኝ ሰው መጣ። ከነዚያ ውስጥ አንድ ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ ሰው አሉ፤ ድሮ ወታደር ነበሩ። እሳቸው ከኔም ቀድመው ነበር የደረሱት። የቢሮው ሰው መጣ። አንድ ነጭ ሽማግሌም ማንም ሳይጠራው መጣ። ፒክአፑ ኋላ ጎማ ያለው ማግኔት አለው። ከአባቱ ጋር በልጅነቱ እዚሁ ይተኩስ እንደነበር ነገረኝ። የብረቱን ቀለሃ ማግኔቱ ይስበዋል፤ ነሐሱን አይስበውም። ስለዚህ እሱ ከፊት ማግኔቱን እየገፋ፣ እኛ ከኋላ ጎንበስ ብለን ነሐሱን እየለቀምን ሄድን። የጤፍ አረም ይመስላል። ጋሼ፣ «ደቦ ነው እንግዲህ፣ ጠላው ብቻ ነው የቀረ» አሉ።

ነጩ ሽማግሌ ሲሠራ ያወራል። ጠመንጃና ጥይት ላይ ልዩ ቀረጥ እንዳለ፣ ጥይት ላይ 11 በመቶ እንደሆነ፣ ገንዘቡም በ1937 በወጣ ሕግ ለዱር እንስሳትና ለመተኮሻ ሜዳዎች እንደሚሄድ በኩራት ነገረኝ። እውነቱን ነው። «ታዲያ ሶፋውን ማን ያነሳዋል?» አልኩት። ወደ ሶፋው አየ። «አንተና እኔ» አለና በአንድ ወገን ያዘው። ሶፋው ውስጥ ዝናብ ገብቶበታል። ክብደቱን ልነግራችሁ አልችልም።

አምስት ሰዓት ላይ ጋሼ ጠሩኝ። መሬት ላይ ቆመው ወደ ታች ይጠቁማሉ። ክዳኑ የተዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ፣ ውስጡ ነጭ ፍሬ። «ስኳር ነው እንዳትለኝ» አሉ። ሁላችንም ሰላሳ እርምጃ ራቅን። የቢሮው ሰው መጥቶ በቀይ ጥብጣብ ከበበው፣ ስልክ ደወለ። ያ ጥግ በዚያ ቀን ሳይጸዳ ቀረ። እስካሁን ያን ጥግ ሳይ ይበላኛል።

ምሳ ጾም ነበር፤ ሁዳዴ ገብቷል። ከአገር ቤት የመጡት አሮጊት ሽሮና ምስሩን በፎይል ጠቅልለው ይዘውት መጥተዋል። ከመብላት በፊት እጅ በሳሙና መታጠብ ግዴታ ነው ብዬ ጠዋት ጮክ ብዬ ተናግሬ ነበር። እርሳስ ከእጅ ወደ አፍ ነው የሚገባው። ለካ መጮህ አያስፈልገኝም ነበር። አሮጊቷ የውሃ ጀሪካን ይዘው ተነሱ፣ በሌላው እጃቸው ሳሙና። አንድ በአንድ ማስታጠብ ጀመሩ። ነጩ ሽማግሌ ተራው ሲደርስ ግራ ገባው። ጀሪካኑን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። «እጅህን ብቻ ስጥ» አሉት በአማርኛ። ሰጠ። ጥቁር ውሃ ወረደ። ሁለተኛ አስታጠቡት፤ ያኔም ጥቁር ነው። ሦስተኛ ላይ ነጣ። የጤና ቢሮ የሚጽፈው ሁሉ መመሪያ እኚህን ሴት አያክልም።

ሁለት ሰው ሩቅ ሄዶ ነበር፣ ጥሪያችንን አልሰሙም። ጋሼ ከከረጢታቸው አንድ ረዘም ያለ ቀለሃ አወጡ። ከንፈራቸው ሥር አስደገፉና ነፉት። ፉጨቱ ተራራውን መትቶ ተመለሰ። ሁላችንም፣ አገር ቤት ያደግን ሁሉ፣ ቀና አልን። በልጅነቴ ከብት ስጠብቅ እንዲሁ ነበር የምንጠራራው። አንድ ጠዋት ሙሉ «ምንም ነገር ወደ አፋችሁ አታስጠጉ» ስል የዋልኩት እኔ፣ ምን ልበል? «ጋሼ!» አልኳቸው። «እሺ እሺ» አሉ። ወደ አሮጊቷ ሄደው እጃቸውን ዘረጉ፤ ከዚያ አፋቸውንም ታጠቡ።

ስምንት ሰዓት ላይ፣ ገንዳው ሞልቶ፣ ወገባችን ተቆርጦ፣ ልንበተን ስንል አራት መኪና አቧራውን እያጨሰ መጣ። እዚህ የተወለዱት ልጆች ናቸው፤ አሥራ አንድ ወጣት፣ አዲስ ጓንት ያደረጉ። «ሁለት ሰዓት አልክ አይደል?» አለኝ አንዱ። ስልኩን አየሁ። ከሰዓት በኋላ 2፡00። በሐበሻ ሰዓት ጽፌ፣ አንዱ ለነሱ ሲተረጉመው ቁጥሩን እንዳለ ትቶታል። ጋሼ እስኪያነቡ ሳቁ። ልጆቹን ግን መለስናቸው ብላችሁ እንዳታስቡ። የቢሮው ሰው ተጨማሪ ፎርም ነበረው። እነሱ ፈርመው፣ እኛ ያልደረስንበትን የብርቱካናማውን ስብርባሪ እስኪመሽ ለቀሙት። ጉልበት አላቸው፣ ወገብ አላቸው። ከዚያ ወዲህ ሆን ብዬ ሁለት ፈረቃ አድርጌዋለሁ።

ነሐሱን ለብቻ አጠራቅመን ነበር። ማክሰኞ ከጋሼ ጋር ወደ ቁራሊዮ ወሰድነው። እዚህም ቁራሊዮ አለ፤ ብቻ እየዞረ «ቁራሊዮ!» አይልም፣ አንተ ትሄድለታለህ። ሰውየው ባልዲዎቹን አየና እጁን አወዛወዘ። ያልተተኮሰ ጥይት አለመኖሩን ካላረጋገጣችሁ አልቀበልም አለ። ምድጃ ውስጥ ቢገባ ይፈነዳል። ጓንታችንን አድርገን ግቢው ውስጥ ቁጭ ብለን በእፍኝ በእፍኝ ለቀምነው፣ ልክ ምስር እንደሚለቀም። በዚያ ሁሉ ጥንቃቄ መሃል ስድስት ያልተተኮሰ አገኘን። ስድስት! ደነገጥኩ። ጋሼ ግን አንዷን እያገላበጡ፣ «ለዚች በሶማሌ ጦርነት ጊዜ ሰው ስንት ኪሎ ሜትር ይሄድ ነበር» አሉ። ከዚያ በላይ አላወሩም። እኔም አልጠየቅኩም። ያገኘነው ገንዘብ ለሚቀጥለው ጽዳት ውሃና ሳሙና ገዛ። ፓውንዱ ሁለት ዶላር እንኳን አልሞላም።

አንድ ሳምንት ቆይቶ እናቴ ደወለች። ረስታዋለች ብዬ ነበር። «ያንን ነገር ጨረስክ?» አለችኝ። አልጨረስኩም፣ የሚያልቅም አይመስለኝም አልኳት። ትንሽ ቆይታ፣ እኛም ሰፈር ልጆች ይለቅማሉ አለች። ምን ያደርጉበታል አልኳት። «ይጫወቱበታል» አለች። እጃቸውን እንዲታጠቡ ንገሪያቸው አልኳት። «እነግራቸዋለሁ» አለች። ሌላ የምለው አልመጣልኝም።

በአራተኛው ሳምንት ብቻዬን ሄድኩ። ለማየት ብቻ ነው። ሦስት ጎረምሶች ይተኩሳሉ። ከእግራቸው ሥር ሰማያዊ ሸራ አንጥፈዋል፤ ቀለሃው በሙሉ እዚያ ላይ ነው የሚወድቀው። ሲጨርሱ አራቱን ጫፍ ይዘው ባልዲ ውስጥ ገለበጡት። ሰላም አልኳቸው። ከኋላቸው ግን፣ ተራራው ሥር፣ አንድ ማይክሮዌቭ ቆሟል። በሩ ወንፊት ሆኗል። ባለፈው አልነበረም።

ዓይኔን አይቶ አንደኛው ቶሎ፣ «የኛ አይደለም» አለ።

«አውቃለሁ» አልኩት።

ትንሽ ቆመ። ጠመንጃውን ባዶ አድርጎ ለጓደኛው ሰጠው። መጥቶ በአንድ በኩል ያዘልኝ። የመኪናዬን ኋላ ከፈትኩ። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኤርፖርት የማደርሳቸው ባልና ሚስት አሉኝ፣ አራት ሻንጣ አለን ብለዋል። ሸራ አነጠፍኩና አስገባነው።